84ኛ ፐርሰንታይል ከመቶ 84 አይደለም

ፒያሳ ያለች ጎረቤቴ የልጇን የፈተና ውጤት ይዛ መጣች። «ፐርሰንታይል 84» ይላል። «ሁሌ አንደኛ የሚወጣ ልጅ እንዴት 16 ይጥላል?» አለችኝ።

ፈተናው ኮግአት ነው፤ የአሜሪካ። የሚለካው በቃላት፣ በቁጥርና በቅርጽ የማሰብ ችሎታን ነው። ፐርሰንታይል ደግሞ ደረጃ እንጂ ማርክ አይደለም። 84 ሲል፣ በእድሜው ካሉ 100 ልጆች ከ84ቱ እኩል ወይም በላይ ነው ማለት ነው። ጣሪያውም 99 ነው፤ 100 ብትጠብቁ አታገኙም። አጠገቡ ያለው «ስታናይን 7» ደግሞ ውጤቱን ከ1 (ዝቅተኛ) እስከ 9 (ከፍተኛ) የሚመድብ መለኪያ ነው፤ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ ይባላል። ስለዚህ እናትየው ተቆጥታ የመጣችበት ወረቀት ጥሩ ወረቀት ነበር!

ዝግጅቱስ? ሽምደዳ እዚህ አይሠራም። ልጁ የጥያቄውን ዓይነት አስቀድሞ ይየው፣ ያ ብዙ ድንጋጤ ይቀንሳል። «ላባ ለወፍ ከሆነ፣ ቅርፊት ለማን ነው?» ዓይነቱን ታክሲ ሰልፍ ላይም መጫወት ይቻላል። 2፣ 5፣ 8 ብላችሁ ቀጣዩን ጠይቁት። መልሱን ብቻ ሳይሆን «እንዴት አወቅህ?» በሉት። እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ እያልን ያደግነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ገበጣም እንዲሁ። ለፈተናው ዋዜማ ግን ጥናት ይቅር፤ በጊዜ ይተኛ።