«ሳተላይት እያለ አፋር በረሃ ላይ እሳተ ገሞራ የሚከታተል መሣሪያ መትከል ምን ያደርጋል?»

እዚህ አዲስ አበባ ዳር ፉሪ ጂኦሎጂ መማሬን የሚያውቅ ሁሉ ይቺን ሳይለኝ አያልፍም፣ የተማረውም ጭምር። በእውነት ሰልችቶኛል።

ሳተላይት ቀን ከሌት አፋር ላይ አፍጥጦ የሚጠብቅ ካሜራ አይደለም። የመሬቱን እብጠት የሚለካልን ሴንቲነል 1 የሚባለው የራዳር ሳተላይት ነው፣ ደመናም ጨለማም አያግደውም፣ ግን አንዱ ሳተላይት እዛው መስመር ላይ የሚመለሰው በ12 ቀን ነው፣ ከዛ የዛሬውን ምስል ከበፊቱ ጋር አስተያይተን ነው መሬቱ ስንት ሴንቲሜትር እንደተነሳ የምናውቀው። በመሃል ማግማው፣ ማለት ከመሬት ሥር የቀለጠው አለት፣ ድንጋይ እየሰነጠቀ ሲመጣ ያሉትን ጥቃቅን መንቀጥቀጦች ወዲያው የሚይዘው አጠገቡ የተተከለ ሳይስሞሜትር፣ የመንቀጥቀጥ መለኪያው፣ ነው።

አፋር ያለውን እሳተ ገሞራ ሀይሊ ጉቢን እዩ። ሐምሌ 2017 ጎረቤቱ ኤርታሌ ሲፈነዳ ማግማ ከመሬት ሥር ወደ ሀይሊ ጉቢ መግባቱ በራዳር ታይቷል። ህዳር 14 ቀን 2018 ሀይሊ ጉቢ ራሱ ፈነዳ፣ አመዱ የመንና ኦማንን አልፎ ህንድ ደረሰ። አመዱንማ ሳተላይት በደንብ ተከታትሎታል፣ ከፈነዳ በኋላ! አፍዴራ ያለው አርብቶ አደር ግን ልጆቹንና ፍየሎቹን ለማሸሽ የሚፈልገው ከመፈንዳቱ በፊት ያሉትን ሰዓታት ነው።

«ፉሪ ተራራ ላይ የመንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያ አለ አይደል?» ለሚሉኝ፣ አዎ አለ፣ ጥሩ ጣቢያም ነው። ግን መንቀጥቀጡ የተነሳበትን ቦታ በደንብ ለመለየት ቢያንስ 3 ጣቢያ ያስፈልጋል፣ የኤርታሌ ትንንሽ መንቀጥቀጥ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚህ አይሰማም።

«ፉሪና ወጨጫም ይፈነዳሉ» ለሚሉ፣ እነዚህ ተራሮች ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ያበቃላቸው እሳተ ገሞራዎች ናቸው።

«ጭስ ከታየ ፈንድቷል» የሚባለውም ልክ አይደለም። ታህሳስ 2017 አፋር ውስጥ ዶፈን ተራራ አካባቢ መሬቱ እንፋሎትና ጭቃ ሲተፋ የተቀረፀውን ቪዲዮ ይዘው አንዲት ጎረቤቴ ሮጠው መጡ፣ «ልጄ፣ እሳቱ ወደኛ ይመጣል እንዴ?» ላቫ፣ የቀለጠው አለት፣ አልወጣም እማማ፣ ቢወጣም ከዛ ፉሪ አይደርስም፣ ኮንዶሚኒየሙን የሚወዘውዘው መንቀጥቀጡ ነው፣ ሲነቃነቅ ከመስኮትና ከቁምሳጥን ራቁ አልኳቸው። እናንተም ቪዲዮ ከማጋራታችሁ በፊት የትና መቼ እንደተቀረፀ ጠይቁ።

ጣቢያ የሚተክሉ ሰዎችም ተክለው ብቻ አይሂዱ። ባትሪው ይሞታል፣ ሶላሩን አቧራ ይሸፍነዋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስለዚህ ከዛው ከመንደሩ ሰው ተቀጥሮ፣ ደሞዝ ተቆርጦለት፣ ስልክ የሚደውልለት ባለሙያም ይኑረው።