ማን ቀድሞ ይጃጃል፣ ወንድ ወይስ ሴት?

ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። አጎቴ መነጽሩን ይፈልጋል። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። አክስቴ ሳቀችበት። እሱም ላለመሸነፍ «ቀድማ የምትጃጀው ሴት ናት!» አለ። ክርክሩ ፒያሳ እስክንወርድ ታክሲ ውስጥም አልበረደም። ቤት ገብቼ አነበብኩ።

«የሴት አንጎል ቶሎ ያረጃል»

እንዲያውም ተገላቢጦሽ ነው። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ጥናት የ4,726 ጤነኛ ሰዎችን አንጎል በየጊዜው በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ የምስል ማንሻ) እያነሱ አወዳደሩ። ዕድሜ ሲገፋ የሁሉም አንጎል መጠኑ ይቀንሳል። የወንዶቹ ግን በበለጡ የአንጎል ክፍሎች ላይ ነው የቀነሰው። ይህን ስነግረው አጎቴ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

«እሺ፣ ታዲያ የመርሳት በሽታ ለምን በሴቶች ይበዛል?»

እዚህ ላይ እውነት አለው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ አልዛይመር (ዋነኛው የመርሳት በሽታ) ከያዛቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ሴቶች ናቸው። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሴቶች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፣ በሽታው ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ግን ይሄ ብቻውን ሁሉን አይመልስም። ሆርሞንም ይነሳል፣ በዘር የሚወረስ ነገርም ይነሳል።

እኔን የከነከነኝ የትምህርት ጉዳይ ነው። በልጅነቱ የተማረ አንጎል ለእርጅናው ስንቅ ይይዛል። በእናቶቻችን ዘመን ግን ወንዱ ትምህርት ቤት ሲላክ ሴቷ ማጀት ቀረች። አክስቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ትልቅ ሰው ሆና ነው። ይህን የሴትነት ጣጣ ማለት ነውር ነው።

«የወንድ አንጎል ትልቅ ስለሆነ አይረሳም»

ትልቅነቱስ እውነት ነው፤ በአማካይ 10 በመቶ ገደማ። ሰውነቱም ይተልቃል። የሰሙትን ቃላት መልሶ በመጥራት ፈተና ግን በአማካይ ሴቶች ይበልጣሉ።

«ያረጠች ሴት መርሳት ከጀመረች አለቀላት»

በማረጥ ሰሞን ቃል ምላስ ላይ ደርሶ ይጠፋል። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን አንጎልም ውስጥ ሥራ አለው፤ ሲቀንስ ይታወቃል። በላዩ ላይ ሌሊቱን በወበቅ እየነቁ ማደር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ነው ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም።

«ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል!»

ብዙ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የባለሙያዎች ኮሚሽን ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። እነሱን መከላከል ቢቻል ከመርሳት ሕመም 45 በመቶ ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ብቸኝነት፣ የተበከለ አየር አሉበት። የጆሮ መድከምም አለ። አጎቴ ካፌ ሲገባ ሁሌ በደህናው ጆሮው በኩል ነው የሚያስቀምጠን።

ሐሙስ ጆሮውን ሊታይ ነው። ቀጠሮውን ያስያዘችው አክስቴ ናት፤ ቀኑን የምታስታውሰውም እሷው።