ከጥቃት በፊት የሚሰጥ ሚስጥራዊ የኦንላይን ቴራፒ ምንድን ነው?

ልጆች ላይ ስለሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ብዙ ጊዜ የምንሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ፖሊስ፣ ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት። ይህ አገልግሎት ግን ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ይሠራል። ልጅ ነክቶ የማያውቅ ግን ሐሳቡ የሚያስጨንቀው፣ ወይም ስልኩ ላይ ማየት የሌለበትን ምስል መፈለግ የጀመረ ሰው፣ ስሙን ሳይናገር ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በኢንተርኔት ይገናኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

«እንዲህ ያለውን ማሰር እንጂ ምን ማከም ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ንዴቱ ይገባኛል። ጥቃት የፈጸመውማ የሕግ ጉዳይ ነው፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 626 እና 627 ለዚሁ የተጻፉ ናቸው። ሐሳብ ብቻ ይዞ የመጣውን ግን በምን ታስሩታላችሁ?

ሚስጥር መሆኑስ ለምን? ባሕር ዳርን አስቡ። ከተማዋ ብትሰፋም ሰው ይተዋወቃል። የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ወረፋ የያዘ ሰው የሰፈሩን ልጅ ሳያገኝ አይመለስም። ለድብርት እንኳ የሚያፍር ስንት አለ! ለዚህማ ማን ደፍሮ ይቀመጣል? ጣና ዳር ጥግ ይዞ ስልኩን የሚነካካ ሰው ግን የማንንም ዓይን አይስብም።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ማታ ማታ ቤት ለቤት እየዞረ ልጆች የሚያስጠና ወጣት አለ እንበል። ባለሙያው የቤት ሥራ ይሰጠዋል። ሐሳቡ መቼ መጣ? ጠጥተህ ነበር? ብቻህን ነበርክ? ለራስህ ምን አልክ? ወጣቱ ጽፎ ይልካል። «ልጅቷ እኮ ራሷ ነች የምትጠጋኝ» ብሎ ከጻፈ ባለሙያው እዚያችው ላይ ያስቆመዋል። ልጅ አስጠኚዋን የምትቀርበው ስለምታምነው ነው፤ ፈቃድ አይባልም። ይቺ ሰበብ እስክትነቀል ይመላለሱባታል። ከዚያ ውሳኔው ይመጣል፦ ማስጠናቱን ይተዋል፣ ከልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም፣ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ያድራል። እንጀራውን መተው ቀላል አይደለም፤ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

በርሊን ያለው ቻሪቴ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2005 «ዱንከልፌልድ» የተባለውን የመከላከል ፕሮጀክት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ «ትራብልድ ዲዛየር» የተባለውን የኦንላይን ራስ አገዝ መርሐ ግብር ከፈተ። የስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች 160 ሰዎችን ይዘው የ8 ሳምንት ስም አልባ የኦንላይን ቴራፒ ሞክረዋል። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ከዳርክ ዌብ፣ ማለትም ሰው ማንነቱን ደብቆ ከሚገባበት ስውር የኢንተርኔት ክፍል፣ የመጡ ነበሩ። በ2022 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ቴራፒውን የወሰዱት የልጆችን ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳዩ ምስሎች በማየት የሚያጠፉት ጊዜ ካልወሰዱት በበለጠ ቀንሷል። ተአምር አይደለም፤ ግን ቀላልም አይደለም።

ሚስጥሩ ገደብ አለው። ልጅ አደጋ ላይ መሆኑን ያወቀ ባለሙያ እንዲያሳውቅ የሚያስገድዱ አገሮች አሉ። ደህና አገልግሎት ይህንን ገና ሲጀምር ይናገራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ የሚያጠቃ ሁሉ ለልጆች የተለየ ስሜት ያለው አይደለም። አጋጣሚና መጠጥ የሚገፉትም አለ፤ አብዛኛው ደግሞ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ቴራፒ አለ ተብሎ የወላጅ ዓይን አይነሳም። ልጁ አሁን አደጋ ላይ ከሆነ ፖሊስ ይጠራል፣ ሆስፒታል ይኬዳል። የተጎዳው ልጅ ሕክምናም ለብቻው ነው፤ ከዚህ ጋር አይቀላቀልም።