ፍሬዛል ቨርብ ምንድን ነው? ሥራ ቦታ ላይ ከመናገር በፊት መስማት

ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ እንደ አፕ፣ አውት፣ ኦፍ፣ ኢን ካሉ ትንንሽ ቃላት ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም ሲይዝ ነው። ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ግሣቸው አንድ ነው፤ ግን አንዱ ረትቶ ሲወጣ ሌላው ተረትቶ ይወጣል። እኛ ጭማሪዋን ከግሡ ጋር እናጣብቃታለን፣ እንግሊዝኛ ለብቻዋ ያቆማታል።

አገር ቤት እንግሊዝኛ የተማረ ሰው አሜሪካ ሥራ ሲጀምር ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት የያዘው «ካንሰል»ን (መሰረዝ)፣ «ፖስትፖን»ን (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ) ነው፤ ሥራ ቦታ የሚሰማው ግን በእነሱ ፈንታ «ኮል ኦፍ»ን፣ «ፑት ኦፍ»ን ነው።

«ኮል»ን ብቻ እንይ። ስብሰባው «ኮልድ ኦፍ» ከተባለ ተሰርዟል። ባልደረባችን «ኮልድ አውት» ከተባለ ዛሬ አልገባም ብሎ ደውሏል። «ዘይ ኮልድ ሚ ኢን» ያለ ሰው በዕረፍት ቀኑ ና ተብሎ ተጠርቷል፤ «አይ ኮልድ ኢን ሲክ» ያለው ደግሞ አሞኛል ብሎ ቀርቷል። በዚያችው «ኢን» አንዱ ሥራ ገባ፣ ሌላው ቤቱ ዋለ። ስለዚህ ፍሬዛል ቨርብ ከነዓረፍተ ነገሩ ካልተያዘ ዋጋ የለውም። በግሥ ተራ የተደረደረ ዝርዝር መሸምደድ፣ በእኔ እምነት፣ ጊዜ ማባከን ነው።

አንዳንዶቹ እንጀራን ይነካሉ። «ራይት ኢት ዳውን» ጻፈው ማለት ነው፤ አለቃ «አይ ሃቭ ቱ ራይት ዩ አፕ» ካለ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ነው፤ «ኦኬ» ከማለት በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። «ሌይድ ኦፍ» የሚባለው ሥራ በመቀነሱ የተሰናበተ ነው፤ በጥፋት የተባረረው «ፋየርድ» ይባላል። የሥራ አጥ ክፍያ ሲጠየቅ ይህ ልዩነት ብዙ ይወስናል።

በአነጋገር ቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ፎርም ሙላ ሲባል «ፊል ኢት አውት» እንጂ «ፊል አውት ኢት» አይባልም። ድምፁም የሚጠነክረው መጨረሻ ላይ፣ «አውት» ላይ ነው፤ ጆሮን ወደዚያ መጣል ነው።

ለመናገር አትቸኩሉ። «ካንሰል» ብትሉ ሁሉም ይረዳችኋል። የተባለው ካልገባችሁም በምታውቁት ቃል መልሳችሁ ጠይቁ፦ «ዱ ዩ ሚን ካንሰልድ?»