የገጠር ትምህርት ቤት፦ ማን ሠራው? ማን ይጠግነዋል?

ስለ ገጠር ትምህርት ቤቶች የሚወራው ብዙ ነው። አብዛኛው ደግሞ ከግማሽ እውነት አያልፍም።

«ገበሬው ለትምህርት ከፍሎ አያውቅም»

ከፍሏል፤ ያውም ትምህርት ቤት ሳያይ። እ.ኤ.አ. በ1947 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ያኔ ትምህርት ቤቶቹ በብዛት ያሉት ከተማ ነበር። ባላገሩ ለዓመታት የከፈለው ለከተሜው ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ ነው ካለ በኋላም መዋጮው አልቀረም። ለአጥር፣ ለዘበኛ፣ ለተጨማሪ ክፍል ይዋጣል። በፈቃደኝነት ነው ይባላል። እስቲ በምዝገባ ሰሞን ወላጆችን ጠይቁ።

«የገጠሩን ትምህርት ቤት ስዊድኖች ናቸው የሠሩት»

ብቻቸውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በተጀመረው የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ትብብር ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተሠርተዋል። ነገር ግን የአካባቢው ሕዝብም ድርሻውን ያዋጣ ነበር።

«የጭቃ ክፍል ስለሆነ ነው የፈረሰው»

ይሄ በጣም የተለመደ ነው፤ ጭቃውን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ነው። የሚያፈርሰው ውሃና ምስጥ ነው። እንጨቱ በቀጥታ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ምስጥ ከታች ይጀምረዋል። ግድግዳው ለዓይን ደህና ነው። አንድ ክረምት ላይ ግን ያዘነብላል። የድንጋይ መሠረት፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ የሚወጣ ክዳንና ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ካለው የጭቃ ክፍል ብዙ ዘመን ያገለግላል። ልስኑም ጥበብ አለው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት መሰንበት አለበት፤ የተቸኮለበት ልስን ይሰነጠቃል። ወቅቱ ደግሞ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ጭዱም የሰው ጉልበትም የሚገኘው ያኔ ነው።

ብሎኬት ቢሆንስ? ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ ካፈሰሰበት እሱም አይተርፍም። መጀመሪያ ዴስኩ ይበሰብሳል፣ ቀጥሎ ወለሉ ይቦረቦራል።

«በጀት አለ፤ ርእሰ መምህሩ በልቶት ነው»

የሚበላ የለም አልልም። ግን የወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ነው የሚሄደው። ለትምህርት ቤቶች የሚለቀቀው የድጎማ በጀት ደግሞ በተማሪ ቁጥር ይሰላል። ትንሿ ትምህርት ቤት የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው። ተማሪ ባነሰ ቁጥር ብሩ ያንሳል፤ ጣሪያው ግን ተማሪ ቆጥሮ አያፈስም። ስለዚህ ክፍተቱ የሚሞላው በውስጥ ገቢ ነው። የግቢው ሣር ይሸጣል፣ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፣ መሬት ካለ ለእኩል አራሽ ይሰጣል። አወጣጡን ከርእሰ መምህሩ ጋር የሚከታተለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ነው፤ በአጭሩ ወተመህ። ኅብረቱ ጠንካራ ከሆነ ገንዘቡ ጣሪያ ላይ ይውላል። ደካማ ከሆነ እንግዳ ሊመጣ ሲል ለቀለም ይወጣል።

«መርዳት ማለት አዲስ ሕንፃ ማሠራት ነው»

ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ብዙ ሰው አነሳስቷል። ውጭ አገር ያሉ ተወላጆችም ለትውልድ ቀያቸው ክፍል ያሠራሉ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ማን እንደሚጠግነው ካልታሰበ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ብሎክ መለመን ይመጣል። ብር ከመላካችሁ በፊት ለወተመህ ሰብሳቢው ደውሉና የቱ ክፍል እንደሚያፈስ ጠይቁ። ምናልባት የሚያስፈልገው ጥቂት ቆርቆሮ፣ ምስማርና የአናጺ የቀን አበል ብቻ ይሆናል።