የጂ6ፒዲ ውጤት ለምን ይለዋወጣል?

ድሬዳዋ ውስጥ ወባ ሲበረታ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። «ያኔ ጂ6ፒዲህ ደህና ነው ተባልኩ፤ አሁን ዝቅተኛ ነው አሉኝ። የቱን ልመን?»

ጂ6ፒዲ ቀይ የደም ሴልን ከጉዳት የሚጠብቅ ኢንዛይም ነው። ሴሉ ከአጥንት መቅኔ ሲወጣ እንደ መንገደኛ ስንቁን ይዞ ነው። ኒውክለሱን ጥሎ ስለሚመጣ ካደገ በኋላ አዲስ ኢንዛይም አይሠራም። በ120 ቀን ገደማ ዕድሜው ስንቁ እየመነመነ ይሄዳል።

የዚህ ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው ደሙ ፈረሰ፣ ማለትም ቀይ ሴሎቹ በብዛት ተሰባበሩ እንበል። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ። ቀድመው የሚያልቁት ስንቅ የጨረሱት አሮጌዎቹ ሴሎች ናቸው። መቅኔውም ቶሎ ብሎ ለጋዎቹን ይልካል። በዚያ ሰሞን ቢመረመር በብዛት የሚለካው የለጋዎቹ ኢንዛይም ነው። ውጤቱ «ደህና» ሊል ይችላል፤ እጥረቱ ግን የትም አልሄደም። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ድገሙ የሚባለው።

እባካችሁ፣ ለወባ ፕሪማኩዊን (እጥረቱ ባለበት ሰው ላይ ደም ሊያፈርስ የሚችል መድኃኒት) ሲታዘዝላችሁ «በቅርቡ ደሜ ፈርሶ ነበር» ወይም «ደም ተሰጥቶኝ ነበር» በሉ። የተሰጠ ደምም ውጤቱን ያሳስታል።

እስካሁን ያልኩት በሁሉም ላይ እኩል አይሠራም። የእጥረቱ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል፤ በተለይ ሴቶች ላይ።