ያርድና «እጅ»፦ ከአባ ጅፋር ሜዳ እስከ ጋሪ ፈረስ

አንድ ያርድ 9 «እጅ» ነው። ሒሳቡ ይኸው ነው።

ያርድ 36 ኢንች ነው፣ ወይም 3 ጫማ። «እጅ» ደግሞ የእንግሊዞች የፈረስ ቁመት መለኪያ ነው፤ 4 ኢንች። ያርድን ወደ እጅ ለመቀየር በ9 ማባዛት፣ ለመመለስ ለ9 ማካፈል ነው። በሜትር ካሉ፣ ያርድ 0.9144 ሜትር፣ እጅ 10.16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የያርዱ ቁጥር የተቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1959 በተደረገ ስምምነት ነው።

ስሙ እንዳያሳስት። ይህ እጅ ክንድም ስንዝርም አይደለም። ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ፣ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። የሚቀርበው ጋት ነው፤ አራት ጣት ገጥሞ። እንግሊዞች አውራ ጣትንም ስለቆጠሩ ከጋት ትንሽ ይሰፋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ጊዜ፣ በሕግ 4 ኢንች ተባለ። ዛሬ የሚለካበት የፈረስ ቁመት ነው።

ጅማ ላይ ሁለቱ መለኪያዎች አንድ ስም ሥር ይገናኛሉ፦ አባ ጅፋር። በኦሮሞ ባህል ጀግናና ባላባት በፈረሱ ስም ይጠራል። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው ያለው ንጉሥም የሚታወቁት በፈረስ ስም ነው። በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው የከተማው ክለብም ያንኑ ስም ይዟል።

ኳስ ሜዳው ውስጥ ደግሞ ያርድ ተደብቋል። «አሥራ ስድስት ከሃምሳ» የምንለው 18 ያርድ ነው፤ በትክክል 16.46 ሜትር። በእጅ ሲመነዘር 162። የጎሉ ስፋት 8 ያርድ፣ 72 እጅ መሆኑ ነው። ጎልን በእጅ የሚለካ ግን በረኛ ብቻ ነው።

ፈረስ ሲለካ ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል። ልኩ ከመሬት ተነስቶ ጋማው የሚያልቅበት፣ አንገትና ጀርባ የሚገናኙበት ከፍ ያለ ቦታ ድረስ ነው። ራሱ አይቆጠርም፤ ቀና ደፋ ይላላ። ጅማ ውስጥ አንድ የጋሪ ፈረስ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁ። ባለጋሪው «ልትገዛው ነው እንዴ?» አለኝ። 130 ሴንቲ ሜትር መጣ፤ 51 ኢንች ገደማ። ይህ 12 እጅ ከ3 ኢንች ነው፤ 12.3 ተብሎ ይጻፋል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ነጥቡ አሥርዮሽ አይደለም። ከነጥብ በኋላ ያለው ኢንች ስለሆነ ከ12.3 ቀጥሎ 13 ይመጣል። 12.3ን እንዳለ ለ9 ካካፈሉት 1.37 ያርድ ይወጣል፤ ትክክለኛው 1.42 ነው። ፈረሱ በወረቀት ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል አጠረ ማለት ነው። መጀመሪያ 3ቱን ኢንች ለ4 አካፍሎ 12.75 ማድረግ ይሻላል።

በዚህ አለካክ 14.2 እና ከዚያ በታች ያለው ፈረስ «ፖኒ»፣ ማለትም ትንሽ ፈረስ፣ ይባላል። ይህን ለባለጋሪው አልነገርኩትም።